በድንጋይ ክምር ሥር የቀረ ስንቅ

አብዱልናስር የሱብሒን ሶላት ሰግዶ ሲወጣ ሚስቱን ማህፉዛን ከመኪናው አጠገብ ቆማ አገኛት። የሰፈራቸው የሞንትቤሎ ሰማይ ገና አልቀላም። ወደ አየር ማረፊያው የሚጣደፉት መኪኖች ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሌላ ቀን ቢሆን እሱም ታክሲውን ይዞ ከነሱ አንዱ ነበር። ዛሬ ግን የኋላ ወንበሩ ላይ ድንኳን፣ ገመድ፣ የስንቅ ከረጢትና አንድ ጥቅል ነጭ አቡጀዲ ተጭኗል። አቡጀዲውን የጠቀለለችው ማህፉዛ ናት። ለምን እንደሆነ አልተነጋገሩም፤ ከፈን መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

«አብዱ» አለችው፤ «ልጄን ካገኘኸው ፊቱን በእጅህ ጥረግልኝ።»

«ኢንሻ አላህ።»

«ካላገኘኸውም አንተ ተመለስ። ለአንድ ተራራ ሁለት ሰው አልሰጥም።»

ውድነህ ከጎረቤት ከተማ ከአውሮራ መጥቶ ከፊት ወንበር ላይ ተሰይሟል። በአየር ማረፊያው የታክሲ መጠበቂያ ሜዳ ለዓመታት ጎን ለጎን ተራ የጠበቁ፣ አንዱ ሲሰግድ ሌላው መኪናውን ወደፊት የሚያስጠጋለት ወዳጆች ናቸው። ተራራ ሲባል ውድነህ «የሚያምረው ከሩቅ ነው» የሚል ሰው ነበር። «እንሂድ» ሲባል ግን «የት?» ሳይል ጫማ ገዛ።

«በሶ፣ ተምር፣ ዳቦ ቆሎ» አለ ከረጢቱን እየዳበሰ። «ሥጋ የሚባል የለም?»

«አንተ የሐዋርያት ጾም ላይ ነህ። ባትጾምስ? እኔ ያንተን አልበላ፣ አንተ የኔን አትበላ።»

«ጎሽ፤ የነጋዴ ልጅ! ከሁሉም የሚስማማ ስንቅ ነው የያዝከው።»

አይ ሰቨንቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወደ ምዕራብ ሲወጡ ከተማው ከኋላ ቀረ፣ ተራሮቹ ከፊት ተገተሩ። አብዱልናስር መሪውን ይዞ ወደ ተራሮቹ አንጋጠጠ። ያለፈው መስከረም ልጁ አኒስ በዚሁ መንገድ ነው የወጣው። ጠዋት ጠራ ባለ ሰማይ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ በረዶ ወረደ፤ አኒስ አልተመለሰም። ፈላጊዎቹ በውሻም በሄሊኮፕተርም ደከሙ። በረዶው ግን በበረዶ ላይ እየተደረበ መንገዱን ቀበረው። «ሲቀልጥ እንሞክራለን» ብለው ወረዱ። ማህፉዛ ክረምቱን ሙሉ በዚያ ብርድ የቤቱን ማሞቂያ አላስበራ አለች። «እሱ በርዶት እኔ ልሙቅ?» አለች። አሁን ሐምሌ ገባ፣ በረዶው ቀለጠ።

የአኒስ ነፍስ የድሮው የሲራራ ንግድ መንገድ ላይ ነበረች። «ኮምፒውተር ተማር» ሲሉት የዘይላን ወደብ ያወራል። ዩኒቨርስቲ ገብቶ የመረጠው የድሮ ነጋዴዎችን ታሪክ ነው። የሕንድ ጨሌ እንዴት ይፋት እንደ ደረሰ፣ የቀይ ባሕር ዛጎል እንዴት በደጋ ሙሽራ አንገት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሲያወራ ራቱ ይበርድበታል። ከዚያ ወደዚህ አገር ይዞራል። «አባዬ፣ በዚያው ዘመን እዚህም ሰው ከባሕር ዛጎል ተሸክሞ ወደ መሃል አገር ይገባ ነበር። በቅሎ የለ፣ ግመል የለ፣ በጀርባቸው! ኢማጂን አድርገው እስቲ!» ተራራውን የሚያቋርጠውን ያንን ጥንታዊ የእግር መንገድ በዓይኑ ሊያየው ነበር የወጣው።

ከሚነግራቸው ሁሉ አብዱልናስር የሚወደው አንድ ነበር። በአክሱም ዘመን ወርቅ ወደሚገኝበት አገር የሚወርዱ ነጋዴዎች ከባላገሩ ጋር በቋንቋ አይግባቡም። ስለዚህ ጨዋቸውን፣ ብረታቸውንና ሥጋቸውን ሜዳ ላይ ዘርግተው ዘወር ይላሉ። ባላገሩ ይመጣል፤ በወደደው ዕቃ ላይ ወርቅ አኑሮ እሱም ዘወር ይላል። ነጋዴው ተመልሶ ያያል። ዋጋው ካልጣመው ወርቁን ሳይነካ ይጠብቃል። ከጣመው ያነሳል። ወርቁን ካነሳ ተስማማ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቃል አይለዋወጡም።

አብዱልናስርም ለልጁ የነገረው ነበር። የአብዱልናስር አያት ከባቲ ወደ አፋር በረሃ ለአሞሌ ጨው የሚወርዱ ነጋዴ ነበሩ። የነጋዴው ቅፍለት ሲወርድ ለመመለሻ የሚሆነውን ዳቦ በየመንገዱ በድንጋይ ክምር ሥር ይቀብራል፤ ከላዩ ጨርቅ ያስራል። በሙቀቱ የሚሸከሙትን ማቅለላቸው ነው። የራበው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ የሰው ስንቅ የሚነካ ግን የለም።

ያን ዕለት አኒስ ከመንገዱ ላይ ደወለ። «አባዬ፣ ስንቄንና ጃኬቴን እንደ ቅድመ አያቴ በድንጋይ ክምር ሥር ላስቀምጥ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ አስርበታለሁ። ጫፉን አይቼ ስመለስ አነሳዋለሁ፤ አሁን ቀልዬ ልውጣ።» አብዱልናስር ተራ እየጠበቀ ነበር፤ ሳቀ። «የባቲ ልጅ!» አለው። የበረሃ ብልሃት ለደጋ እንደማይሆን ለሁለቱም አልታያቸውም።

መኪናውን ፓርክ አድርገው ሻንጣቸውን ተሸከሙ። ምልክት ያለውን መንገድ ትተው አኒስ በስልኩ እንደ ገለጸላቸው ጅረቱን ተከትለው በጥዱ መሃል ወጡ። አየሩ ሳሳ። ውድነህ እያለከለከ «ገብርኤልን፣ እዚህ አገር አየሩም በቁጠባ ነው» አለ። ጥዱ እያጠረ፣ እየተጣመመ ሄዶ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይና ሣር ብቻ ቀረ። ያኔ ከጫፉ ወዲያ ጥቁር ደመና ብቅ አለ።

ሰማዩ ሲከዳ ቀስ ብሎ አልነበረም። ነፋሱ ባርኔጣቸውን ገፈፈ። የበረዶ ጠጠር ጀርባቸውን ይወግር ጀመር። አብዱልናስር የክንዱ ፀጉር ቀጥ ብሎ ሲቆም ተሰማው።

«ውድነህ፣ ተኛ!»

«የት ላይ?»

«መሬት ላይ! ዱላህን ጣል!»

ብረት የለበሱ ዱላዎቻቸውን ወርውረው ወደ ጉድጓድ ተንከባለሉ። መብረቁ ከፊታቸው ያለውን አለት መታው፤ ምድር ጮኸች። የተቃጠለ ድንጋይ ሽታ አፍንጫቸውን ሞላው። ውድነህ «እመብርሃን»፣ አብዱልናስር «ያ ረቢ» እያሉ እዚያው ተያይዘው ቆዩ። ደመናው ሲያልፍ ምድሩ ነጭ ለብሶ ነበር፤ በሐምሌ! አብዱልናስር ያንን ነጭ በእጁ ዘገነ። ልጁ በሸሚዝ ብቻ እዚህ ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ጣቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ጨበጠው።

በማግስቱ ረግረግ ያለበት ሸለቆ ገጠማቸው። ከቁጥቋጦው ውስጥ ሙስ የሚሏት፣ የአጋዘን ዘር ሆና በሬን የምታስንቅ እንስሳ ብቅ አለች። ውድነህ ለሚስቱ ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን አወጣ።

«ለፅዮን አንድ ፎቶ...»

«ተው አንተ ሰው! ልጅ አላት!»

ግልገሏ ከሣሩ ብድግ አለ። እናቲቱ ጆሮዋን አጥፋ፣ ማጅራቷን ነፍታ መጣች። ውድነህ ሮጠ፤ ሻንጣው ከቅርንጫፍ ተጋጭቶ ወደቀ፤ እሱም ከዳገቱ ተንከባለለ። አብዱልናስር ድስቱን በድንጋይ እየደበደበ በመሃል ገባ። እንስሳዋ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ትንፋሿ ፊቱን ነካው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሷም ልጇን ነው የምትፈልገው፤ የእሷ ግን ከኋላዋ ቆሟል። ዞር ብላ ግልገሏን እየነዳች ሄደች።

ውድነህ ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል። «ፅዮን ይህን ብትሰማ ስልኬን ትቀማኛለች።»

«መራመድ ትችላለህ?»

«ተመለስ እንዳትለኝ ብቻ።»

«አልልህም። ተደገፈኝ።»

ተደጋግፈው ወጡ። ጥንታዊውን መንገድ ያገኙት ከሸለቆው በላይ ነው። ዱካ የሚባል የለውም፤ የጥንት መንገደኞች የደረደሯቸው የድንጋይ ክምሮች ግን አንዱ ለሌላው እየጠቆሙ ወደ ጫፉ ይወጣሉ። አብዱልናስር እርምጃውን አፈጠነ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። ክምሮቹ ተበትነዋል። የመጀመሪያው ተቆፍሯል፤ ቀጣዩም እንዲሁ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

ቆፋሪዎቹን ከመታጠፊያው ላይ አገኟቸው። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቀይ ፂም ያለው፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ሌላው በዕድሜ ገፋ ያለ። አካፋና ወንፊት ይዘዋል። በጨርቅ ላይ የዛጎል ስብርባሪና የተጠረበ ድንጋይ አስጥተዋል። ከጥንቱ ጭነት መንገድ ላይ የቀረውን ለቅመው የሚሸጡ ናቸው። አብዱልናስር ዛጎሉን ሲያይ የልጁ ድምፅ በጆሮው መጣ፤ የቀይ ፂሙን ደረት ጨምድዶ ያዘ።

«የልጄን ስንቅ የት አደረሳችሁት? ጃኬቱን! የት አለ?»

ሰውየው ገፈተረው፤ እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። «አንድ እርምጃ ብትጠጋ...»

«አብዱ፣ ልቀቀው» አለ ውድነህ በአማርኛ፣ በለሆሳስ። «ሞተህ አትፈልገውም።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ ተናገረ። «ይህ ሰው አባት ነው። ልጁ በመስከረም እዚህ ቀርቷል። ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበት የድንጋይ ክምር ነው የሚፈልገው። ሌላ ጠብ የለንም።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሰማያዊ ጨርቅ አይተናል» አለ። «ከጫፉ በታች፣ ትልቁ አለት ሥር። አልነካነውም። መቃብር መሰለን።»

አብዱልናስር ሁለተኛውን ቃል ሳይጠብቅ ዳገቱን ተያያዘው፤ ውድነህ ከኋላ እያነከሰ ተከተለ።

ጨርቁ እዚያው ነበር። ፀሐይና ነፋስ አሳስቶት ሰማያዊነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ግን ከላይኛው ድንጋይ ላይ እንደ ታሰረ ነው። ድንጋዮቹም በሥርዓት ተደርድረዋል። አብዱልናስር ተንበርክኮ አንድ በአንድ አነሳቸው። ከሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በጠፍጣፋው ላይ በሶ የለም፤ ተምር የለም፤ ውኃ የለም፤ ጃኬት የለም። በቦታቸው እርጥበት ያበሰበሰው፣ ስስና ጠባብ የሴት ሹራብ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«አውሬ አይደለም» አለ ውድነህ ቀስ ብሎ። «አውሬ ድንጋዩን መልሶ አይደረድርም።»

«ሌባ ናት!» አብዱልናስር ድንጋዩን ወረወረው። «የሱን ለብሳ፣ የሱን በልታ ወረደች! ልጄ በዚያ በረዶ ተመልሶ መጥቶ ባዶ ድንጋይ አገኘ! ወላሂ እፈልጋታለሁ። ከምድር ዳርቻ ብትሆን እፈልጋታለሁ። አልምራትም!»

ገደሉ «አልምራትም» ብሎ መለሰለት።

አኒስን ያገኘው ውድነህ ነው። ከክምሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ዋሻ መሳይ አለት ሥር፣ ሊያልቅ የደረሰ የበረዶ ክምር አጠገብ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ውድነህ አልተጣራም። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ድንጋዩ ዞሮ ቆመ፤ አብዱልናስር ከአቋቋሙ አወቀ።

መጣ። ከልጁ ፊት ተቀመጠ። የክረምቱ በረዶ ገላውን ሳይፈርስ ጠብቆታል። እጁን እፍ እፍ ብሎ አሞቀና ማህፉዛ እንዳለችው ፊቱን ጠረገው፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ጉንጩን። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ።

አኒስ አንገቱ ላይ እናቱ የሰጠችውን ሻሽ ጠምጥሟል። የሻሹን ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦታል። አብዱልናስር ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያላቅቅ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘ፤ የነጋዴ ቋጠሮ፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ ያስተማረው። በጨርቁ ላይ ዳበሰው። ክብ ነው፤ ቀጭን፤ በአንድ ወገን ጉብ ያለች ፈርጥ አለችው።

ቀለበት። የሴት።

«ከየት አመጣው?» አለ ውድነህ።

አብዱልናስር ዓይኑ ወደ ክምሩ ሄደ፣ ወደ ቋጠሮው ተመለሰ። በስስ ሹራብ የምትንዘፈዘፍ አንዲት ሴት ታየችው። መንገድ ጠፍቷት፣ ሰማያዊ ጨርቅ አይታ፣ ድንጋይ እያነሳች። የሰው ስንቅ መሆኑን ስታውቅ እጇ ላይ ያለውን ብቸኛ ወርቅ ከጣቷ ስታወልቅ፤ በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ስታኖር፤ ክምሩን መልሳ ስትደረድር። ከሷ በኋላ ደግሞ ልጁ መጣ። በሸሚዝ፣ በዚያ በረዶ፣ ስንቄ እያለ። ድንጋዩን አነሳ። ወርቁን አየ።

«ምነው አኒስዬ» አለ አባት፤ «ምነው እምቢ ብትል! ምነው ሳትነካው ብትተወው! ዋጋው አልጣመኝም ብትል፣ እኔ እከራከርልህ አልነበር?»

«ትታው ሄዳለች እኮ፣ አብዱ» አለ ውድነህ። «ማንን ይጠብቅ?»

«ቢያንስ እንደተበደለ አውቅ ነበር።»

ነፋሱ ከሻንጣው ብቅ ያለውን የከፈኑን ጫፍ አርገበገበው።

«አንስቶታል» አለ ውድነህ እንደገና፤ እሱም በታክሲ ተራ ላይ ያንን ታሪክ ከአኒስ አፍ ሰምቶታል። «ወርቅ ለወንድ አይሆንም ብሎ ጣቱ ላይ እንኳ አላደረገውም። እንደ ዋጋ ነው የቋጠረው።»

አብዱልናስር ቋጠሮውን አልፈታም። የሲራራ ነጋዴ ቋጠሮ የሚፈታው ቤት ነው፤ የምትፈታውም እናት ናት። ልጁን በነጩ አቡጀዲ ሸፈነው። ለሶላቱ ቆመ፤ ከኋላው የሚሰለፍ አልነበረም። ውድነህ ራቅ ብሎ በሚያምመው ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ቆመለት።

ከመውረዳቸው በፊት አብዱልናስር ወደ ክምሩ ተመለሰ። የቀረቻቸውን በሶና ተምር፣ የውኃውን ኮዳ በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አኖረ። ካፖርቱን አውልቆ ከላዩ ደረበ።

«ይበርድሃል እኮ» አለ ውድነህ።

«ታች ፀሐይ አለ።»

የወረወረውን ድንጋይ ፈልጎ አምጥቶ ክምሩን መልሶ ደረደረው፤ ሰማያዊውን ጨርቅ አጥብቆ አሰረ።

ስልክ ከሚሠራበት ሲደርሱ ደወሉ፤ ሰዎቹ መጥተው አኒስን በሄሊኮፕተር አወረዱት። አንዱ መኮንን ስለ ሹራቡ ሲሰማ «ሴቲቱን እናፈላልጋት?» ብሎ ጠየቀ። አብዱልናስር ሻሹ ያለበትን ደረት ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ። «ተዋት» አለ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ፣ ሻሹን በማህፉዛ ጭን ላይ አኖረው። ነጋዴ በመንገድ ሲቀር ጓደኛው ለእናቱ የሚለውን ከአያቱ ሰምቶታል።

«ልጅሽ ነግዷል» አላት። «ትርፉን ልኮልሻል።»

ማህፉዛ ጨርቁን አሸተተችው። ቋጠሮውን በጥርሷ አላልታ ፈታችው። ቀለበቷ መዳፏ ላይ ተኛች፤ ቀጭን ወርቅ፣ ከብዙ መልበስ የሳሳች። አብዱልናስር ያየውንም የገመተውንም ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማች።

«ምን ሸጠ?» አለች።

«በሶውን፣ ተምሩን፣ ውኃውን።»

«ሌላስ?»

አብዱልናስር የሻሹን ጫፍ ያጣጥፍ ጀመር።

«የአኒስ አባት፣ ሌላስ?»

«ጃኬቱን።»

ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጃኬት እሷ ናት የገዛችለት፤ «እማዬ፣ ሰፋኝ» ሲላት «ሹራብ ትደርብበታለህ» ብላው ነበር።

«ተርፋለች?»

«አላህ ያውቃል።»

«ዋጋውን ግን በእጁ አንስቷል?»

«አንስቶ ቋጥሮታል።»

«እንግዲያ እኛ ምን አፍ አለን» አለች። ይህን ካለች በኋላ ነው የጮኸችው።

አብዱልናስር ወደ አየር ማረፊያው ተራ ተመልሷል። ሰው ይጭናል፣ ሻንጣ ያወርዳል። ሴት ስትሳፈር ዓይኑ ሳያስበው ወደ ጣቷ ይሄዳል። አንዳንዴ ቀለበት የነበረበት፣ አሁን ባዶ የሆነ፣ ነጣ ያለ ምልክት ያለው ጣት ያያል። ያኔ በመስታወቱ ፊቷን ያያል። ማሞቂያውን ትንሽ ከፍ ያደርግላታል። «እቤትሽ በሰላም ግቢ» ይላል በልቡ። ጠይቆ ግን አያውቅም። በዚያ ንግድ ሕግ መነጋገር የለም።